ኤርብራሹ ብርሃኑን አይመርጥልንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ሚኒያቸር (ትንንሽ ቅርጻ ቅርጽ) አቀባብ የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ምስሎችን መቀባት በአማርኛ ብዙም የማይጻፍበት ጉዳይ ስለሆነ ቦታ መስጠታችሁ ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ጽሑፉን ይዞ ሥራ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ማበላሸቱ አይቀርም። የኤርብራሹን፣ ማለትም ቀለም በአየር ግፊት የሚረጨውን መሣሪያ፣ ግፊት 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አድርጉ፣ ቀለሙን በተራ ውሃ አቅጥኑ፣ ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ ማስክ አያስፈልግም የሚሉት ሦስት ምክሮች በሚቀጥለው እትም ቢታረሙ ደስ ይለናል። ከሦስቱም በላይ ያሳሰበን ግን ኤርብራሽ የያዘ ሰው ስለ ሃይላይት (ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በፈካ ቀለም ማውጣት) መጨነቅ እንደማይኖርበት የሚናገረው ክፍል ነው። እንዲያውም የበለጠ መጨነቅ ያለበት እሱ ነው።

ኤርብራሽ ቀለምን በስሱ ይበትናል፤ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ የሚደረገውን ሽግግር ያለሰልሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተፈለሰፈ በኋላ ፎቶግራፎችን ለማደስ ሲያገለግል የኖረውም ለዚሁ ነው። ብርሃኑ የት ላይ ይረፍ የሚለውን ግን መሣሪያው አያውቅም። ቀቢው አስቀድሞ ካልወሰነ የሚወጣው ሥራ ለስላሳ፣ ንጹሕና ጠፍጣፋ ይሆናል። ብሩሽ ብቻ የሚጠቀም ሰው በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ለማሰብ ይገደዳል፤ ኤርብራሽ የያዘው ሳያስብ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ለመሆኑ ብርሃንን መቀባት ለምን አስፈለገ? አብዛኞቹ የጨዋታ ምስሎች ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ድረስ 28 ወይም 32 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ መጠን የካባ እጥፋት ጥልቀቱ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የክፍሉ መብራት እንዲህ ባለች ጎድጓዳ ውስጥ በቂ ጥላ አይጥልም፤ በጎበጠው በኩልም በቂ ድምቀት አይፈጥርም። ተጫዋቹ ደግሞ ምስሉን የሚያየው ከ60 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ነው። ስለዚህ ትልቅ አካል ላይ በተፈጥሮ የሚታየውን ጥላና ብርሃን በቀለም አጋነን እናስቀምጣለን። በእጅ ይዘው ሲያዩት «በዛ» የሚያሰኝ ልዩነት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ልክ ይሆናል።

የብርሃኑን አቅጣጫ ለመወሰን ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ክፍሉን አጨልሞ አንድ አምፖል ብቻ ከምስሉ በላይ ማብራት፣ ከፊት ለፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ አጠገብ ማስቀመጥ። ሥራው ሲያልቅ በተራ መብራት ሌላ የጥቁርና ነጭ ፎቶ አንስቶ ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት። ቀለም ዓይንን ያታልላል፤ ግራጫው ግን ብርሃኑ የት እንደጠፋ ወዲያው ያሳብቃል።

አሁን ወደ አሠራሩ። በቀቢዎች ዘንድ «ዜኒታል» የሚባለው ብርሃን ከአናት በላይ እንደሚመጣ ቆጥሮ መሠረቱን የማዘጋጀት ዘዴ ነው። ምስሉ በቅድሚያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ይደርቃል። ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ካለበት፣ በተለይ ሬዚን (ተቀድቶ የሚጠጥር ፕላስቲክ) ከሆነ፣ ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚረጨው መነሻ ሽፋን) በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል። ከዚያ ጥቁር ፕራይመር በ0.4 ወይም በ0.5 ሚሊሜትር ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት አፍ)፣ ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ርቀት፣ በሁለት ወይም በሦስት ስስ ንብርብር፣ ከታች በኩል ጭምር ይረጫል። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን መሞከር ጣቶችንና የፊት ገጽታን በቀለም መድፈን ነው። እርጥበቱ ጠፍቶ ገጹ ደብዘዝ ሲል ግራጫው ይከተላል፤ በ45 ዲግሪ ገደማ ከላይ፣ ምስሉን ዙሪያውን እያዞሩ፣ ከታች ግን ፈጽሞ ሳይረጩ። መጨረሻ ላይ ነጩ ቀጥ ብሎ ከአናት ይመጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ርጭት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራ ስሕተት አለ። ቀቢው የሚረጨውን ለማየት ሲል ምስሉን ወደ ኤርብራሹ ያዘነብለዋል። ምስሉ ባዘነበለ ቁጥር ፀሐይዋም አብራ ትዞራለች፤ ነጩ ደረት ሥር፣ አገጭ ሥር፣ የካባው ውስጥ ይገባል። ምስሉ በመያዣው ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የሚንቀሳቀሰው ኤርብራሹ ይሁን። ከሥሩ ሲታይ ጥቁሩ እንዳለ ካልቀረ እንደገና በጥቁር ከታች መርጨት ይሻላል እንጂ በኋላ በጥላ ቀለም አስተካክለዋለሁ ማለት ድካም ነው።

ጽሑፋችሁ ከዚህ ቀጥሎ በሁለት ንብርብር መደበኛ ቀለም ሸፍኑት ይላል። ይህ የተሠራውን ሁሉ መቅበር ነው። መደበኛው የመሠረት ቀለም የሚሠራው ከሥሩ ያለውን እንዲደብቅ ሆኖ ነው፤ ከዜኒታል በኋላ የሚያስፈልገው ብርሃን አስተላላፊ ቀለም ነው። አክሪሊክ ኢንክ (በውሃ የሚበጠበጥ በጣም ፈሳሽ ቀለም)፣ በሚዲየም (ቀለም በሌለው ማቅጠኛ) እጅግ የቀጠነ ቀለም፣ ወይም የጨዋታ ምስሎች አምራቹ ጌምስ ወርክሾፕ በ2019 እንዳወጣው ኮንትራስት ያለ፣ ጎድጓዳ ላይ ተከማችቶ ጉብታ ላይ የሚሳሳ ቀለም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከሥር ያለውን ግራጫና ነጭ ያሳያሉ።

ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይ ደግሞ መሠረቱ ለሁሉም አንድ ሊሆን አይችልም። ቢጫ አስተላላፊ ቀለም ከጥቁርና ግራጫ ላይ ሲያርፍ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ለቢጫ ልብስ ከጥቁሩ ይልቅ ጥቁር ቡናማ፣ ከነጩ ይልቅ ክሬም መጠቀም ነው። ቀይም ንጹሕ ነጭ ላይ ሲያርፍ ሮዝ ይመስላል፤ ክሬም ላይ ሲሆን ሙቀቱን ይጠብቃል። ለሰው ቆዳ ሐምራዊ የነካው ቡናማ መሠረት ጥላውን ሕያው ያደርገዋል፤ ከጥቁር ላይ የተነሣ ቆዳ ግን የታመመ ይመስላል።

ወደ ግፊቱ እንምጣ። 40 ፒኤስአይ 2.8 ባር ገደማ ነው፤ ለቤት ዕቃ እንጂ ለ30 ሚሊሜትር ምስል አይሆንም። በዚህ ግፊት ቀለሙ ከኖዝሉ ሳይርቅ ግማሹ በአየር ላይ ይደርቅና ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ሻካራ ገጽ ይተዋል። ቀረብ ብለው ከረጩት ደግሞ አየሩ ያረፈውን ቀለም እየገፋ ወደ ዳር ይበትነዋል። ለመሠረት ቀለም ከ18 እስከ 20፣ ለሃይላይት ከ12 እስከ 15፣ በጣም ለቀጠነ ቀለምና ለቀጭን መስመር ከ10 እስከ 12 ፒኤስአይ ይበቃል። ደንቡ አጭር ነው፤ ቀለሙ በቀጠነ፣ እጁም በቀረበ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል። ቁጥሩ የሚነበበውም አየሩ እየወጣ ሳለ ነው። ቃታው ሳይጫን 20 የሚያሳይ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ሲጫኑት ወደ 15 ሊወርድ ይችላል፤ ሁለት ሰዎች «በ20 ነው የምረጨው» እያሉ የተለያየ ውጤት የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ተራ ውሃን በተመለከተ፣ ለብሩሽ ሥራ ምንም አይልም። በኤርብራሽ ግን ሁለት ጣጣ አለው። ውሃ በጠባዩ ፕላስቲክ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ተጠራቅሞ ጠብታ መሆን ይቀናዋል። በብዛት ሲገባ ደግሞ ቀለሙን ከገጹ ጋር የሚያጣብቀውን ማያያዣ ያሳሳል፤ የደረቀው ቀለም በጣት ሲነካ ይነሳል። ለአክሪሊክ የተዘጋጀ ቲነር (ማቅጠኛ) ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የፍሰት ማሻሻያ መጨመር ሁለቱንም ያስቀራል። አልኮልን በቲነር ምትክ የሚጠቀሙ አሉ፤ አንዳንዱ አክሪሊክ አልኮል ሲነካው እንደ ጄሊ ስለሚረጋ በክዳን ላይ በአንድ ጠብታ ሳይፈትኑ የኤርብራሹ የቀለም ኩባያ ውስጥ መጨመር ኖዝሉን መድፈን ነው።

መጠኑ እንደ ቀለሙ ይለያያል፤ ሆኖም ከጠብታ ጠርሙስ የሚወጣ ወፍራም ቀለም ለመሠረት አንድ ለአንድ (ቀለም ለቲነር)፣ ለሃይላይት አንድ ለሁለት፣ ለስውር ሽግግር አንድ ለሦስትና ከዚያ በላይ ብሎ መነሣት ይቻላል። «ለኤርብራሽ ዝግጁ» የሚል የተጻፈበትም ቢሆን በ10 ጠብታ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ ቲነር ቢጨመርበት ይጠቀማል። ኩባያው ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ቲነሩ ነው። ወፍራሙ ቀለም ቀድሞ ከገባ ሳይበጠበጥ የኖዝሉን አፍ ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው መርፌ አንገት ወርዶ ይቀመጣል፤ ከላይ የቱንም ያህል ቢያማስሉት ከሥር የተቀመጠው አይነካም። በሌላ ትንሽ ዕቃ በጥብጦ ማፍሰስ ደግሞ ከዚህም ይሻላል። ልክነቱን ለማወቅ ድብልቁን በብሩሽ ወደ ኩባያው ግድግዳ ከፍ ማድረግ ነው፤ ስስ ቀለም ትቶ በዝግታ ከወረደ ልክ ነው፣ ተጣብቆ ከቀረ ወፍሯል፣ ምንም ሳይተው ከሮጠ ቀጥኗል።

ብልሽቱ ራሱ መንስኤውን ይናገራል። ቀለሙ ምስሉ ላይ እንደ ሸረሪት እግር ወደ ዳር ከተሯሯጠ በአንድ ቦታ ብዙ ወርዷል፤ ቃታው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ተስቧል፣ ወይም ርቀቱ ለቀጠነ ቀለም ቀርቧል፣ ወይም ግፊቱ በዝቷል። ገጹ ዱቄት የመሰለ እንደሆነ ቀለሙ ሳይደርስ ደርቋል፤ ግፊቱን መቀነስ፣ መቅረብ፣ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ አንድ ጠብታ መጨመር ነው። ርጭቱ እየቆየ ከሳሳና ከዚያ በድንገት ጠብታ ከተፋ መርፌው ጫፍ ላይ ቀለም ደርቋል። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ይህ የሥራው አካል እንጂ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ በማጽጃ የራሰ ለስላሳ ብሩሽ አጠገብ አስቀምጦ በየደቂቃው ጫፉን መጥረግ ነው። የጸዳ ኤርብራሽ ንጹሕ ውሃ ጠብታ ቢተፋ ግን ችግሩ ከኮምፕሬሰሩ ነው፤ የታመቀው አየር ሲቀዘቅዝ ያወጣው እርጥበት በቱቦው መጥቷል፣ የውሃ መያዣውም ሞልቷል።

ነጭ ቀለም ከሁሉም ያስቸግራል። የሚሸፍን ነጭ በብዛት የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብዙ ስለሚገባበት ሲወፍር ይደፍናል፤ ሲቀጥን ደግሞ ዱቄት ይሆናል። ነጭ አክሪሊክ ኢንክ በዚህ ሥራ ከነጭ ቀለም እጅግ ይበልጣል።

ቃታውን በተመለከተ ጽሑፉ ያለፈው አንድ ነገር አለ። ባለ ሁለት እርምጃ ኤርብራሽ ቃታው ወደ ታች ሲጫን አየር፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለም ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ አየር፣ ቀለም፣ ቀለሙን መዝጋት፣ አየሩን መዝጋት ነው። ብዙ ሰው ሲጨርስ ቃታውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ኖዝሉ ላይ የቀረችው ቀለም በሚቀጥለው ጭነት ምስሉ ፊት ላይ ትፈነዳለች። አየሩን ሳያቋርጡ ቀለሙን ብቻ መክፈትና መዝጋት ካርቶን ላይ መለማመድ ነው፤ ነጥብ፣ መስመር፣ ከዚያ እየከሰመ የሚሄድ መስመር። እያንዳንዱ ርጭት ከምስሉ ውጭ ተጀምሮ ከምስሉ ውጭ ቢያልቅ ጠብታው ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል።

ዜኒታል ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቀለሙን ራሱን በደረጃ እያፈኩ መሄድም ይቻላል፤ ለካባና ለትልልቅ ጋሻ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ቀይ ካባን እንውሰድ። ጥቁር ቀይ 5 ጠብታ ከ5 ጠብታ ቲነር ጋር ሁሉንም ይሸፍናል። ቀጥሎ መካከለኛ ቀይ 4 ጠብታ ከ6 ጠብታ ቲነር ጋር፣ ብርሃኑ ከሚመጣበት አቅጣጫ ብቻ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ርቀት ይረጫል፤ የእጥፋቱን ጥልቅ ክፍል ሳይነካ ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። ሦስተኛው 3 ጠብታ መካከለኛ ቀይ፣ 1 ጠብታ ብርቱካናማና 8 ጠብታ ቲነር ሆኖ በ12 ፒኤስአይ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ርቀት፣ ትከሻ ላይና በእጥፋቱ አናት ላይ ብቻ ይታለፋል። ቀለሙ በአንድ ማለፍ መታየት የለበትም፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ማለፍ ቀስ ብሎ ብቅ ሲል ነው ልክ የሚሆነው። ነጭ መጨመር አያስፈልግም፤ ቀይ በነጭ ሲፈካ ሮዝ ነው የሚሆነው። ደረጃዎቹ ተለያይተው ከታዩ 1 ጠብታ ቀይ ኢንክ በ10 ጠብታ ቲነር በጥብጦ ካባውን በሙሉ አንድ ጊዜ በስሱ ማለፍ ያስታርቃቸዋል፤ የደበዘዘውን ቀይነትም ይመልሳል።

ካባው ሲረጭ ሌላው አካል መሸፈን አለበት። የማይደርቅ መሸፈኛ ፑቲ ከቴፕ ይሻላል፤ ቅርጹን ስለሚከተል። ሲነሳ ወደ ላይ ሳይሆን በገጹ ላይ ወደ ጎን ነው የሚሳበው። ያልታጠበ ሬዚን ላይ ከሆነ ግን በየትም ቢስቡት ፕራይመሩ አብሮት ይመጣል። ለምን እንደሆነ ከላይ ብለነዋል።

ከዚህ በኋላ ኤርብራሹ ይቀመጣል። ኤርብራሽ ስለታም ጠርዝ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መስመር አይሠራም፤ ቢሞከርም የቀለም ጤዛ ከጠርዙ ዙሪያ ይቀራል። ጌምስ ወርክሾፕ በሳጥኖቹ ላይ የሚያሳያቸው ምስሎች ዓይን የሚይዙት በጠርዝ ሃይላይት ነው፤ ያ ደግሞ የብሩሽ ሥራ ነው።

ብዙ ጀማሪ ለጠርዝ 000 ቁጥር (እጅግ ቀጭን) ብሩሽ ይገዛል። ያቺ ብሩሽ የምትይዘው ቀለም ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ጫፉ የሾለ 1 ወይም 2 ቁጥር ብሩሽ ሆዱ ውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ ጫፉ ሳይደርቅ ይቆያል። ቀለሙ በእርጥብ ፓሌት ላይ ይሁን፤ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ውሃ የጠገበ ስፖንጅ፣ ከላዩ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ያ ብቻ ነው። ብሩሹ ቀለም ከነካ በኋላ ሶፍት ላይ አንድ ጊዜ ይዳሰስ። ከዚያ በጫፉ ሳይሆን በጎኑ፣ ከጠርዙ ጋር 45 ዲግሪ ያህል ሆኖ፣ ጠርዙ ራሱ ቀለሙን ከጸጉሩ እንዲወስድ ማሳለፍ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥም መስመሩ ከጠርዙ አይወጣም።

አንድ ጠርዝ ላይ አንድ ዓይነት መስመር ከዳር እስከ ዳር ማስመር ምስሉን ንድፍ እንጂ አካል አያስመስለውም። የመጀመሪያው መስመር ሙሉውን ጠርዝ ይይዛል። ሁለተኛው ፈካ ብሎና ቀጥኖ ብርሃኑ ያለበትን ግማሽ ብቻ ይከተላል። ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጠርዞች በሚገናኙበት ጥግ ላይ ብቻ። ጥላ ውስጥ ያሉ ጠርዞች፣ ለምሳሌ የታችኛው የብብት ጥሩር፣ የመጀመሪያው መስመር እንኳ ይበዛባቸዋል። መስመሩ ከወፈረ ማጠብ አያስፈልግም፤ የመሠረቱን ቀለም ይዞ ከሥሩ በኩል መልሶ ማቅጠን ነው።

የሃይላይቱ ቀለም ምርጫ ከእጁ ብቃት በላይ ይታያል። አረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ወይም ወደ ቱርኩዋዝ፣ ቡናማ ወደ አሸዋማ ቀለም ይፈካል። ጥቁር ጥሩር በግራጫ ብቻ ሲፈካ አቧራ የለበሰ ይመስላል፤ ጥቂት ሰማያዊ ያለበት ግራጫ ብረትነቱን፣ ጥቂት ቡናማ ያለበት ደግሞ ቆዳነቱን ያወጣል። ጥቁር ላይ ሃይላይቱ ጠባብ ነው የሚሆነው፤ ከተዘረጋ ጥቁሩ ግራጫ ሆነ ማለት ነው።

ፊት ላይ ብርሃን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ የግንባሩ ላይኛው ክፍል፣ የአፍንጫው አጥንትና ጫፉ፣ የጉንጩ አጥንት፣ የታችኛው ከንፈር፣ የአገጩ ጉብታ። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻውና በጣም ፈካ ያለው ነጥብ የሚያርፈው አፍንጫ ጫፍና ጉንጭ አጥንት ላይ ነው። የላይኛው ከንፈር ወደ ታች ስለሚያይ ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ የዓይን ጉድጓድም እንዲሁ። በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ድንበር የሚያጠፋው ግሌዝ ነው፤ አንድ እጅ ቀለም ከ5 እስከ 8 እጅ ውሃ ወይም ሚዲየም ሆኖ፣ ብሩሹ ሶፍት ላይ በደንብ ከተዳሰሰ በኋላ። ብሩሹ ከገጹ በሚነሳበት ቦታ ነው ብዙው ቀለም የሚቀረው፤ ስለዚህ ብርሃን ሲጨመር እጁ ወደ ብርሃኑ፣ ጥላ ሲጨመር ወደ ጥላው ይሄዳል። ሲደርቅ ዳር ዳሩን ክብ መስመር ከተወ ብሩሹ ላይ ውሃ በዝቶ ነበር።

የብረት ቀለም ሌላ ጠባይ አለው። ውስጡ ያሉት አንጸባራቂ ቅንጣቶች ብርሃኑን ራሳቸው ስለሚመልሱ ምስሉ በዞረ ቁጥር ድምቀቱ ይዞራል። በ0.2 ኖዝል ስለሚደፍኑ 0.4 ይሻላል፤ ከተረጩም በኋላ የማጠቢያው ውሃም ኩባያውም ይለወጥ፣ አለበለዚያ ብልጭታው ቀጣዩ ምስል ቆዳ ላይ ይወጣል። የብረት ቀለም ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልገው ጥላ ነው፤ ጥቁር ቡናማ ዋሽ (ጎድጓዳ ውስጥ የሚሰርግ ስስ ቀለም) በጎድጓዳው፣ ብር ጠርዙ ላይ፣ በቃ።

ስለ ማስክ። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ መሆኑ በብሩሽ ሲቀቡት ነው ጥቅሙ። ኤርብራሽ ያንኑ ቀለም ወደ ሳንባ ሊገባ ወደሚችል ጤዛ ይለውጠዋል፤ የተነፈሰ ቀለም፣ ማያያዣውም ቅንጣቱም፣ ከውሃው ጋር አይተንም። ለአክሪሊክ የደቃቅ ቅንጣት ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ልክ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል፤ ላኬር ወይም አልኮል ያለበት ቲነር ከሆነ የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያም ይጨመርበታል፤ የጨርቅና የቀዶ ሕክምና ማስክ ለዚህ አይረዳም። ጤዛውን ወደ ውጭ የሚያወጣ የመርጫ ሳጥን ቢኖርም ማስኩ አይቀርም። የካድሚየም ቀለም ጠርሙስ ላይ አትርጩ የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ደግሞ በማስክም ቢሆን አይረጭም።

ጽዳትን በአጭሩ እንለፈው። ከቀለም ወደ ቀለም ሲታለፍ ኩባያውን በማጽጃ ማጠብና ንጹሕ እስኪወጣ መርጨት ይበቃል። በሥራው ማብቂያ መርፌው ይወጣል፣ ከኋላ ወደ ጫፉ አቅጣጫ በሶፍት ይጠረጋል። ሲመለስ እስኪቆም ድረስ በቀስታ ይገባል እንጂ አይገፋም፤ በጉልበት የገባ መርፌ የኖዝሉን አፍ ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀ ወይም ያልጠበቀ ኖዝል ራሱን ያሳውቃል፤ ቀለሙ ኩባያው ውስጥ ይንፎለፎላል፣ አየሩ ወደ ፊት ትቶ ወደ ኋላ እየሄደ ነውና። መጀመሪያ ኖዝሉን አጥብቆ መሞከር፣ ካልቆመ መለወጥ ነው። ኤርብራሹን በሙሉ ማጽጃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን የጎማ ቀለበቶቹን ስለሚያበላሽ ይቅር፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ሽፋኑ በሳሳበት በኩል ናሱን ይበላል።

በመጨረሻ ቫርኒሽ። በእጅ የሚነካ የጨዋታ ምስል መጀመሪያ አንጸባራቂ፣ ቀጥሎ ማት (የማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ቢረጭበት ይጸናል፤ አንጸባራቂው ጥንካሬውን፣ ማቱ መልኩን ይሰጣል። ማት ቫርኒሽ ውስጥ ማንጸባረቁን የሚያጠፋው ዱቄት ከሥር ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱ ሁለት ደቂቃ ያህል ካልተነቀነቀ አንዱ ምስል እንዳንጸባረቀ ይቀራል፣ ሌላው ይነጣል። ማት ሲደርቅ ጥቁሮቹን በጥቂቱ ያፈካል፤ ስለዚህ በጥላና በብርሃኑ መካከል ያለውን ልዩነት ከቫርኒሹ በፊት በመጠኑ ማጋነን ይገባል። በእርጥብ አየር ተረጭቶ ምስሉ ላይ ነጭ ጉም ከቀረ ቀለሙ አልጠፋም፤ አየሩ ደረቅ በሆነ ቀን አንጸባራቂ ቫርኒሽ በስሱ ሲረጭበት አብዛኛውን ጊዜ ጉሙ ይገለጣል፣ ሲደርቅም ማቱ እንደገና ይረጫል።

ከአክብሮት ጋር፣
ሚኒያቸር የምንቀባ አንባቢዎቻችሁ